በር የሌለው ቁልፍ

ማስመሪያ ይሏታል፤ ስፌቷም ጠባይዋም ዝንፍ አይልማ። ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ አርፍዳ አታውቅም። የመስመር አለቃ ሊያደርጓት ማሰባቸውን ሰምታ ሰሞኑን ደስ ብሏታል።

ጣጣው የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ነበር። ተቆጣጣሪው ጡብ ከሚያህል እንጨት ጋር አስሮ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። የቸኮለች ሴት ሁሉ በወንዶቹ ፊት ቆማ ትለምነዋለች፤ እሱም ሰዓቱን እያየ "አሁን አይደል እንዴ የሄድሽው?" ይላል። የወንዶቹ በር ግን ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

ሴቶቹ መከሩና በሩን ነቅለው መጋረጃ ሊሰቅሉ ቆረጡ። ስፌቱን ለማስመሪያ ሰጧት። "እንዳይታወቅብሽ ግን አጣምመሽ ስፊው" አሏት።

እራት ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ለምትማረው ልጇ ነገሩን አጫውታ ጠየቀቻት።

"ደንብ መጣስ ነውር አይደለም እንዴ?"

"ሲያወጡት አማከሩሽ?"

"እኔን? ማን ብለው!"

"በቃ እማ፣ ሴት ሽንት ቤት ለመሄድ ወንድ የምታስፈቅድበት ደንብ ራሱ ነው ነውሩ። ማንንም እስካልጎዳሽ ማፍረሱ ጽድቅ ነው።"

"ቢጠይቁኝስ? ልዋሽ?"

ልጅቷ ሳቀች። "የሚያሳፍርሽ ከሆነ አትስፊው። ካላሳፈረሽ ደግሞ ምን ያስዋሽሻል?"

ማስመሪያ አጣምማ ለመስፋት ሞከረች። ስታየው አላስችል አላት፤ ተርትራ ቀጥ አድርጋ ሰፋችው።

መጋረጃው በተሰቀለ ዕለት ተቆጣጣሪው ጠርዙን ዳሰስ አደረገና በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

"ይሄን ስፌት የማላውቀው መሰለሽ? አለቃ ልናደርግሽ ስንል!"

ሴቶቹ ሁሉ ስፌታቸውን አቁመው ዞሩ። አለቃነቱ ከእጇ ሲወጣ ታያት። ግን አላፈረችም፤ ይሄ ለራሷም ገረማት።

"እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለች። "በሩ መጋዘን ውስጥ ቆሟል። የወንዶቹ ሲቆለፍ እንመልሰዋለን።"

"አሁኑኑ አውርጂው!"

"አላወርድም። ከፈለግህ ራስህ አውርደው።"

ራሱ ሊያወርደው ሄደ። "ሰው አለ!" የሚል የሴት ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ ተቀበለው። ቆይቶ ተመለሰ፤ አሁንም "ሰው አለ!" ሴቶቹ ተራ ገብተው ነበርና ቀኑን ሙሉ ሰው አልጠፋም። በማግስቱም እንደዚሁ። በመጨረሻ ደከመውና ተወው።

አለቃነቱ ለሌላ ተሰጠ። ማስመሪያ አንጀቷ አረረ፤ አንድ ሙሉ ጠዋት ከኮሌታዎቿ ጋር ስትነጫነጭ አረፈደች። ከዚያ ሽንቷ መጣ። ልማድ ሆኖባት ቀና ብላ ተቆጣጣሪውን አየችውና ሳቋ አመለጣት። ማንንም ሳትጠይቅ ተነስታ ሄደች።