ከባዱ ኮዴክ

ግሌኒስ ሃሮፕ ዓይኗን በጨው አጥባ የዋሸችው በስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የዋሸችውም ስለ ኮዴክ ነው። ሰው ስለ ዕድሜው ይዋሻል፣ ስለ ትዳሩ ይዋሻል፤ ስለ ኮዴክ የዋሸ ግን እኔ ከእሷ ሌላ አላውቅም።

ግሌኒስ የፊልም አርታኢ ናት። የምትኖረው የአውስትራሊያ ደሴት በሆነችው ታዝማኒያ ውስጥ፣ ዴቨንፖርት፣ ከሜልበርን ሌሊቱን ተጉዞ የሚመጣው መርከብ ከሚቆምበት ወደብ ጀርባ ነው። ሜልበርን የሚኖረውን የዳይሬክተሩን የኔቪል ክራዶክን ሦስት ፊልሞች የቆረጠችው ጓሮዋ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ያኔ ኔቪል እየመጣ ወር ሁለት ወር ይቀመጥ ነበር። ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ይጋደምና "እዚያ ጋ ቁረጪው፣ ኧረ ቁረጪው" እያለ ይነዘንዛታል፤ እሷም "አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ዝጋና ፓይህን ብላ" ትለዋለች። አራተኛው ፊልም ግን ስድስት ዓመት ዘገየ። በዚያ መሃል እህቷ ሞተች፤ ጎረቤቶቿም ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ። ስልኳ የሚጮኸው የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሊያስታውሳት ብቻ ሆነ። ብቸኝነቱ አንጀቷ ድረስ ዘልቋል፤ ለማን ትንገረው?

መጋቢት ላይ ኔቪል ደወለ። ዘጠና ስድስት ሰዓት ቀረጻ ይዟል፤ ፊልሙ ለነሐሴው ፌስቲቫል መድረስ አለበት።

"ኮዴኩን አንቺ ምረጪ" አላት። "እኔ የማውቀው ስሙን ብቻ ነው። ያልሽው ይሆናል።"

ኮዴክ ምንድን ነው ለሚል፣ ምስልን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የመክተቻ ዘዴ ነው። ካሜራው በጣም አጥብቆ ስለሚያጥፈው ኮምፒውተሩ እየፈታ ማሳየት ያቅተዋል፤ ይንተባተባል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በሌላ ኮዴክ ሌላ ቅጂ ይሠራል። አንዱ ከባድ ቅጂ ነው፤ ምስሉ እንደ ዋናው የጠራ፣ ግን ብዙ ትልልቅ ዲስክ የሚበላ፣ ከክፍሉ የማይነቃነቅ። ሌላው ቀላል ቅጂ ነው፤ ምስሉ ደብዘዝ ይላል፣ ግን ኪስ የምትገባ ዲስክ ትበቃዋለች። ሥራው በዚህኛው ከሆነ ዳይሬክተሩም አንድ ቅጂ ቤቱ ያስቀምጣል፤ አርታኢዋ የቆረጠችውን በኢንተርኔት ትልክለታለች። መጨረሻ ላይ ቁርጡ ከዋናው ምስል ጋር ስለሚገናኝ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም። ዛሬ ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። "ከባዱ ነው የሚሻለው" አለች ግሌኒስ። "ፊልምህ ግማሹ ጨለማ ነው። በቀላሉ ቅጂ ጥላው ይበላሻል፤ ምን እንደምንቆርጥ አናይም።"

"እንግዲያው እዚያ ድረስ መምጣት አለብኝ?"

"ምን ይደረግ እንግዲህ" አለች፣ የከፋት መስላ።

"እሺ። ለፊልሙ ከሆነ እመጣለሁ።"

ቀረጻውን በፖስታ ላከላት፤ ቅጂው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠኙ ቀን ክፍሉን ቀለም ቀባች፣ ሶፋውን አሳጠበች። ዳቦ ቤት ሄዳ የስካሎፕ ፓይ፣ የባሕር ዛጎል ሥጋ የተሞላበትን ቂጣ፣ ስታዝ፣ ሻጯ "እንግዳ አለብሽ እንዴ?" ብትላት "ኧረ ሥራ ነው" አለች፤ ፊቷ ግን እስከ ጆሮዋ ቀልቷል።

ኔቪል ከመርከቡ ሲወርድ ምርኩዝ ይዟል።

"አረጀህ" አለችው።

"ቤትሽ መስታወት የለም መሰለኝ" አላት።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ድሮው ዋለ። ተጨቃጨቁ፣ ሳቁ፣ ሁለት ትዕይንት ቆረጡ። ግሌኒስ እንደዚያ ደስ ካላት ስንት ዘመኗ! ኔቪል ግን በየሰዓቱ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። በማግስቱ ምሳ ላይ ነገራት። ሚስቱ ሄዘል መርሳት ጀምራለች።

"አንዳንድ ቀን ማን ነህ ትለኛለች። አሁን ዶት ናት የምትጠብቅልኝ፣ ጎረቤታችን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽስ? ኮዴኩን ትለውጪልኝ ነበር?"

ግሌኒስ መናገር የነበረባት ያኔ ነበር። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ሻይ ልጨምርልህ?"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶት ደወለች። ሄዘል በሌሊት ልብሷ ወጥታ ትራም ፌርማታ ላይ ተገኝታለች። ባሌን እየጠበቅኩ ነው ብላለች። ደህና ናት፤ ብርዱ ነው የጎዳት።

ኔቪል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ዶት ዛሬም ነገም አብሬያት አድራለሁ ትላለች። ከዚያ በኋላስ? ፊልሙን ጥዬ ልሂድ? ሄዘልን ጥዬ ልቀመጥ?"

"ቀላል ቅጂ ልሥራልህ" አለች ግሌኒስ። "ይዘኸው ሂድ። ቤትህ ሆነህ እንጨርሰዋለን።"

"ጥላውስ?"

"ጥላው ምንም አይሆንም።"

ቀና ብሎ አያት። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ድሮም አውቃለሁ። እንድትመጣ ብዬ ነው የዋሸሁህ። ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ብቻዬን ነኝ ኔቪል። የሚነዘንዘኝ እንኳ አጣሁ።"

ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እሱ ምርኩዙን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ "ሥራ የለም፣ እንዲያው ና ብትይኝ ኖሮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "አልመጣም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

ግሌኒስ ወደ ማሽኑ ዞረች። ሁለት ቀላል ኮዴኮች አሉ። በአንደኛው ምስሉ ደህና ነው፤ ሃያ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በሌላው የአንዱ ሰው ፊት ከሌላው ሰው ፊት የሚለየው በጭንቅ ነው፤ አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ሃያ ሁለት ብትለው ኔቪል እስከ ነገ ማታው መርከብ እዚያ ሶፋ ላይ ነው። ዶት እንደሆነች አለች። ውሸትም አይሆንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጥራት አልደራደርም እያለች ሰውን ያሰለቸች ሴት ናት፤ ደህናውን መረጠች ብሎ ማን ይጠረጥራታል?

"አምስት" አለች። "ለዛሬው መርከብ ትደርሳለህ።"

ኔቪል ስልኩን አንስቶ ደወለ። "ነገ ጠዋት ቤት ነኝ" ሲል ሰማችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ኔቪል ነኝ። ባልሽ" አለ። ግሌኒስ ጀርባዋን ሰጥታው ማሽኑ ሲቆጥር ታያለች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ቅጂው ከተባለው ሩብ ሰዓት ቀድሞ አለቀ። ዲስኳን ነቅላ እጁ ላይ አስቀመጠች፤ ታክሲውንም ራሷ ጠራችለት።