አይፈታም

ሰልጣኞቹ በሌለሁበት «ሲስተር አይፈታም» ይሉኛል። ይበሉ! ሥራዬ በጦር ሜዳ የቆሰለ ሰው ደሙ እንዴት እንደሚቆም ወታደሮችን ማሰልጠን ነው፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮኸውም ለዚህችው ቃል ነው። እግር ላይ የታሰረ የደም ማቆሚያ ቀበቶ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ አይፈታም። ቁስለኛው ቢጮህ አይፈታም። አዛዥ ቢያዝ አይፈታም።

ወንድሜን የገደለው መፈታቱ ነው። ታናሼ ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። ግንባር ላይ ጭኑን በጥይት ሲመታ አብሮት የነበረው የሕክምና ረዳት በደንብ አሰረው፤ ደሙም ቆመ። ከዚያ አዛዣቸው ሻምበሉ መጣና «አላላው፣ እግሩ ይሞትበታል» ብሎ አዘዘ። እግሩ ሳይሆን ልጁ ሞተ። ይህን የነገረኝ ረዳቱ ራሱ ነው፣ እያለቀሰ። ያን ቀን የቋጠርኩት ቂም እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ነው።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ያ ሻምበል መጥቶ ከፊቴ ቁጭ አይል መሰላችሁ! አዛዦችም ይሰልጥኑ ተብሎ ነው። ረዳቱ የነገረኝን ስም መዝገቡ ላይ አይቼ ነው ያወቅኩት፤ እሱ እኔን አያውቀኝም። ፊቴን ፈገግ አደረግኩት።

«ለማሳያ አንድ ቁስለኛ እፈልጋለሁ። ሻምበል፣ እርስዎ ይምጡልኝ።»

«ቀስ ብለሽ ታዲያ፣ ሲስተር። ይሄ እግር ገና ጡረታ አልወጣም» ብሎ ክፍሉን አሳቀና ሲሚንቶው ላይ ተጋደመ።

ቀበቶውን ጭኑ ላይ ሳብኩና ማጥበቂያ ዘንጉን ማዞር ጀመርኩ። በትክክል የታሰረ ያማል፤ ካላመመ አልታሰረም። ሳቁ ቆመ። ደግሜ አዞርኩት፤ ላብ አጠመቀው። እግሩ ላይ የደም ስሩ ትርታ ሲጠፋ ማሳያው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ዘንጉን ቆልፌ ተነሳሁ።

«በቃ፣ ገብቶናል። አላዪው።»

ወንድሜን የገደለችው ያቺው ቃል። ወደ ሰልጣኞቹ ዞርኩ።

«አዛዣችሁ ይላላ ብለዋል። ምን ትላላችሁ?»

«አይፈታም!» ክፍሉ ተናጋ።

«ትእዛዝ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ሻምበሉ።

«አይፈታም!»

ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ጎንበስ አልኩና በጆሮው «ጭኑን ተመቶ 'አላላው' ያልክበት ልጅ ትዝ ይልሃል? እህቱ ነኝ» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

ቀበቶውን ለማላላት መታገሉን ተወ።

«ለመነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ማዕረጌን ትቶ 'ጋሼ፣ በእናትህ ፍታልኝ' አለኝ። አንጀቴ አልቻለም። የእግሩ ነገር ለረዳቱ የሰጠሁት ሰበብ ነው።»

እኔ የጠበቅኩት ትዕቢት ነበር፤ ወይ ክህደት። ለካ ርኅራኄው ነው ወንድሜን የገደለብኝ። ቀበቶውን ፈታሁለት፤ ይቅር ብዬው ግን አይደለም።

«አሁን ተራው የእርስዎ ነው» አልኩና ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። «ያው ቀበቶ፣ የእኔ ጭን ላይ።»

ደህና አድርጎ አሰረኝ፤ ሕመሙ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ያኔ ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ጋሼ፣ በእናትህ ፍታልኝ» አልኩት።

እጁ ወደ ዘንጉ ሄደ። መለሰው።

«ጋሼ፣ አልቻልኩም። በእናትህ!»

እንባው እጄ ላይ ጠብ አለ።

«አይፈታም» አለ።

«አልተሰማም!»

«አይፈታም!» ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

እግሬ ደንዝዟል፤ ትምህርቱም ገብቶታል። የቋጠርኩት ቂም ግን አልተፈታም፤ ደግሜ ለመንኩት።