የአሌክሳንድሪያው ገላጋይ

ዴሪክ የዛኪያን ፀጉር በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከበሩ ጋር አላተመው። በሩ ከስፖንጅ የተሠራ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ቡጢ ግን የሥጋና የአጥንት ነበር። ስምምነቱ ቡጢው ከጉንጯ ስንዝር ያህል ርቆ ሊያልፍ፣ እሷም አንገቷን ሰብራ የተመታች ልትመስል ነበር። አላለፈም። አፏ ደም ደም አላት።

"ካት!" አለች ዳይሬክተሯ ጆዲ። "በጣም ያምራል! አሁን ወደ ደረጃው።"

ዛኪያ ደሙን ዋጠችው። "አርቀህ ሰንዝር እንጂ!" አለችው ተዋናዩን ዴሪክን ቀስ ብላ።

"እውነት ሲሆን ነው የሚያምረው" አለ እየሳቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጂምናስቲክ ስትሠራ ያደገችው ዛኪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ሃይስኩል ከጨረሰች ወዲህ እንጀራዋ ስታንት፣ በተዋናዮች ፋንታ መውደቅ ነው። በመኪና ተገጭታለች፣ ከፎቅ ተወርውራለች፣ እሳት ለብልቧታል፤ ሁሌም ግን የሌላ ተዋናይት ዊግ አድርጋ፣ ፊቷን ከካሜራ ሸሽጋ። የስታንት ነገር እንዲህ ነው፤ ሕመሙ የእሷ፣ ፊቱ የሌላ። ዛሬ ግን ጆዲ ቃል ገብታላታለች፤ ይህ ውድቀት ካማረ፣ በሚቀጥለው ድራማ ስም ያላት፣ የምትናገር ሴት ሆና ትሠራለች። ተመታሁ ብላ የምታማርር ስታንት ደግሞ ሁለተኛ ለሥራ ኮል የሚያደርግላት የለም። ወደ ደረጃው ሄደች።

አባቷ አቶ አብዱልሐሚድ ይህን ሁሉ አያውቁም። የወሎ ሰው፣ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ልጃቸው "ፊልም ቢሮ" የምትሠራ ይመስላቸዋል። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ወደማይርቀው አሌክሳንድሪያ ያደረሷት እሳቸው ነበሩ። የጉልበት መከላከያዋን የያዘ ቦርሳ የኋላ ወንበር ላይ ረስታ ወርዳ ኖሮ፣ ሊሰጧት ተመለሱ።

ካሜራው ከመንገዱ ማዶ፣ የቆመ ቫን ውስጥ ነበር። አቶ አብዱልሐሚድ አላዩትም። ያዩት አንድ ግዙፍ ሰው ልጃቸውን በድንጋይ ደረጃ ቁልቁል ሲወረውራት፣ ተከትሎም ሆዷን በጫማው ሲረግጣት ነው። ዳር ቆሞ የሚመለከተውንም ሰው አዩ። አንዱ ሳንድዊች ይበላል።

"እናንተ ሰዎች! እንዴት አንድ ገላጋይ ይጠፋል?" ብለው በአማርኛ ጮኹ። ቦርሳውን ጥለው ሮጡና መሐል ገብተው ዴሪክን በሁለት እጃቸው አቀፉት። "ተው ልጄ! ስለ አላህ ተው! ሴት እኮ ናት!"

እሳቸው ባደጉበት አገር የተጣላ ሁሉ ይማታል እንጂ ገላጋይ አይመታም። ዴሪክ ይህን ከየት ይወቀው? ክርኑን ወደ ኋላ ሰንዝሮ የሽማግሌውን አፍንጫ ሰበረው። አስፋልቱ ላይ ተዘረሩ። እግሩን አነሣባቸው።

ጆዲ "ካት" አላለችም። ዛኪያ እንደ ወደቀች ብትቆይ ውድቀቷ አምሯል፤ ቃል የተገባላት ስምም ፊትም የእሷ ነው። ተነሣች። ዴሪክ የቆመበትን እግር ጠርጋ በጀርባው ጣለችው፤ ጉልበቷን ደረቱ ላይ ተክላ ጥርሱን በቡጢ አለችው። ይህኛው ቡጢ ስንዝርም አልራቀ። ደገመችው።

"ካት! ካት!" ጆዲ ከቫኑ ወርዳ መጣች። "ጥፊልኝ ከዚህ! ሁለተኛ ከእኔ ጋር አትሠሪም!"

"እሱስ?"

"እሱ ስታራችን ነው።"

ታክሲውን ወደ ሆስፒታል የነዳችው ዛኪያ ናት። አባቷ በደም የራሰ ሶፍት አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል።

"ታዲያ ውሸት ነበር ነው የምትዪኝ?"

"ወላሂ አባባ፣ ፊልም ነው። የኔ ጆብ መውደቅ ነው።"

"ከንፈርሽስ? እሱም ፊልም ነው?"

መብራት ያዛት። "እሱ... አይደለም።"

"እንግዲያ ዓይኔ ደህና ነው።" ሶፍቱን ገልብጠው፣ "አንቺ ስትመቺውስ?"

"እሱም አይደለም።"

ሊስቁ ሲሉ አፍንጫቸው አመማቸው። "ወይኔ! ቦርሳሽን እዚያው ጥዬው!"

"ይቅር አባባ፣ ይተዉት፤ የጉልበት መከላከያ ብቻ ነው ያለው። ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል?"

"ምን ይቅር! ነገ ሌላ ቦታ ስትወድቂ ጉልበትሽን በምን ልትሸፍኚ ነው? አዙሪው መኪናውን።"