የሚኤሶዋ ሻምፒዮን

ረዲያ ዓሊዩ ስኳሽ የሚባለውን የግድግዳ ኳስ ጨዋታ ያወቀችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ሃያ ዓመቷ ነበር። ሚኤሶ አጠገብ በሚገኝ የመንገድ ሥራ ካምፕ በጽዳት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ከምታጸዳቸው ክፍሎች አንዱ አልጋም ጠረጴዛም የሌለው ነጭ አዳራሽ ነበር። ያሠሩት የውጭ አገር መሐንዲሶች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ኢንጂነር ኃይሉ የሚባሉ ጎልማሳ የቀረውን ሊያስጨርሱ ብቻቸውን ቀሩ። በየማለዳው ራኬት ይዘው ይገቡና አንዲት ትንሽ ጥቁር ኳስ ከግድግዳ ጋር ያላጋሉ።

አንድ ቀን ረዲያ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ቆየችና፣

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚመቱት» አለቻቸው።

ላባቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ወደ ቀኝ ቢመቱት ማንም አይደርስበትም።»

«ማንም ስለሌለ ነዋ! ነይ ግቢ፣ አንቺ ድረሺበት።»

ያን ቀን ሃያ ጊዜ ስታ አንዴ መታች። የዚያችን የአንዷን ድምፅ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ዋለች። በስምንተኛው ወር ኢንጂነሩን አሸነፈቻቸው። ሁለት ቀን አኮረፏት። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ለሚካሄደው ውድድር እንዳስመዘገቧት ነገሯት።

ገበያ ላይ የግመል ወተት የሚሸጡት፣ እሷ «አዮ» የምትላቸው እናቷ ወይዘሮ ሰዓዲያ ነገሩ አልገባቸውም።

«ከግድግዳ ጋር ልትጋጪ ነው አዲስ አበባ ድረስ የምትሄጂው?»

«አዮ፣ የሚጋጨው ኳሱ ነው።»

«እሱንማ እዚህም ታጋጪዋለሽ» አሉ፤ ግን የጉዞ ስንቋን ቋጠሩላት።

አዲስ አበባ ብርድ ነበር። ከአምስት ጨዋታ ሦስት ያሸነፈች ታልፋለች፤ የመጀመሪያውን ረዲያ አስራ አንድ ለሁለት ተሸነፈች።

«ምን ነካሽ?» አሉ ኢንጂነር ኃይሉ፣ ከእሷ ይልቅ እሳቸው እያላባቸው።

«ወላሂ ኳሱ ሞቷል! ሚኤሶ እንዲህ አልነበረም፣ ይዘል ነበር።»

«ሚኤሶ ሙቀት ነው። ኳሱ ካልሞቀ አይነጥርም።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው እስኪነጥር አልጠብቀውም።»

ገብታ ኳሱን መሬት ሳይነካ ከአየር ላይ ትመታው ጀመር። ተጋጣሚዋ፣ በትልልቅ ሆቴሎች ስትጫወት ያደገች ልጅ፣ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ጊዜ አጣች። ሦስቱንም ተከታታይ ጨዋታዎች ረዲያ ወሰደች። በረጅም ሱሪና በሻሽ የምትጫወተው የሚኤሶ ልጅ ማን ናት እያሉ ሰዎች ይጠያየቁ ነበር።

ውድድሩን አሸነፈች፤ ከዚያም አገር ውስጥ ስምንት ዓመት የሚያሸንፋት ጠፋ። ናይሮቢ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተሸንፋ ተመለሰች፤ አንዱን ሽንፈት አውሮፕላን ውስጥ ሙሉውን መንገድ አለቀሰችበት። በሦስተኛው ዋንጫ ይዛ መጣች። ሚኤሶ ስትደርስ መንገድ ዳር የቆሙ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥሩምባቸውን ለቀቁት፤ እናቷም ስለምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባቸው እልል አሉ።

መህዲ የሚባል የቡና ነጋዴ አግብታ ጭሮ ገባች። መህዲ ስኳሽ እንድትጫወትበት አንዱን መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ራሱ ለሰነው። አጣሞት ኖሮ ኳሱ ወደፈለገበት ይሄድ ነበር።

«ግንበኛ ብጠራ ይሻላል» አለ።

«ከመጀመሪያው ብትጠራ ይሻል ነበር» አለች እየሳቀች። ግንበኛ መጣ። ከመሰላና ከቦርደዴ ጭምር ልጃገረዶች እየመጡ ከእሷ ይማሩ ጀመር። ከሁሉም ፈጣኗ ገሊላ የምትባል የጭሮ ቄስ ልጅ ነበረች።

ረዲያ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ፍጻሜ የገጠመቻት ይህችው ገሊላ ናት። ወይዘሮ ሰዓዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ማን ነጥብ እንዳገባ ስለማይለዩ ለሁለቱም ያጨበጭባሉ። አምስተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ አስር ለአስር ደረሰ፤ ከዚህ በኋላ በሁለት ነጥብ የቀደመች ታሸንፋለች። ገሊላ አንድ ነጥብ ጨመረች፤ ቀጥላ ኳሷን ጥግ ላይ ስታሳርፍ ረዲያ ተንደርድራ በአንድ ስንዝር አልደረሰችባትም።

ወድቃ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። መሸነፏ አናደዳት። ቀና ስትል ገሊላ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ!»

«የምን ይቅርታ! ነይ አንሺኝ፣ ጉልበቴን አሞኛል።» ተያይዘው ቆሙና ተቃቀፉ። ያን ጊዜ ንዴቱ ለቀቃት፤ ራሷም ገረማት።

እናቷ በደስታ እያጨበጨቡ መጡ።

«አዮ፣ ተሸንፌ እኮ ነው!»

«እሱን አላወቅሁም» አሉ ወይዘሮ ሰዓዲያ። «ግን ሁለታችሁም ጥሩ ሮጣችኋል። በሉ ምሳ እንብላ።»