ቀይና አረንጓዴ ሲደራረቡ

ነአምን ኮተቤ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ከተቀጠረ አምስት ወሩ ነበር። ሥራው በማይክሮስኮፕ የተነሱ የሴል ፎቶዎችን እያየ፣ የሚጠናው ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ የት እንደተቀመጠ መመዝገብ ነው። ፕሮቲኑ ቀይ፣ ለሴሉ ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ደግሞ አረንጓዴ ሆነው ይበራሉ።

"ሁለቱ ሲደራረቡ ቢጫ ይሆናሉ። ቢጫ ካየህ ፕሮቲኑ እዚያ አለ ማለት ነው" ብለውት ነበር አለቃው ዶክተር ዘቢደር፣ የመጀመሪያው ቀን።

እሺ አለ። ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ ግን አልተናገረም። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ በዓይን ምርመራ ከወደቀ ወዲህ ነገሩን ለማንም አንስቶ አያውቅም። ደማቁን ከደብዛዛው እያስተያየ፣ በግምት ይሠራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሰፈሩ ከካራ በሚኒባስ ተጋፍቶ ገና እንደገባ ዶክተሯ ጠሩት። እሱ የሠራውን መቶ ሃያ ፎቶ፣ ሳይነግሩት ለባልደረባው ለሶሬቲም ሰጥተዋት ኖሯል። ሠላሳ አራቱ ላይ አልተስማሙም።

"ተቻኩለህ ነው?"

"አይደለም፣ ዶክተር።"

"ታዲያ ይሄ ቢጫ አይደለም?" ስክሪኑን በእስክሪብቶ ነካ አደረጉት።

ነአምን መባረሩ ታየው። ቢሆንም መደበቁ ሰልችቶት ነበር።

"እኔ እንጃ። ቀይና አረንጓዴ አልለይም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ።"

ዶክተር ዘቢደር መነጽራቸውን አወለቁ። "አምስት ወር ሙሉ?"

"እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ነው።"

"በዓይንህ ማን ያስወጣሃል? ያናደደኝ ዝም ማለትህ ነው። አንተን አምኜ ሪፖርት ልጽፍ ነበር እኮ!"

ተቆጥተውም አልቀሩ፣ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ቀለማቱን ነጣጥለው እያንዳንዱን በጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ከፈቱለት። ነአምን በግራ ያለውን የፕሮቲን ነጠብጣብ በቀኝ ካለው ከማይቶኮንድሪያው ጋር አስተያየ። ቦታ ለቦታ ይገጥማል። ሳያስበው ፈገግ አለ።

"እንዲህማ ይታየኛል።"

"እንግዲያው ሁሉንም ድገመው። ሶሬቲም ትድገም፤ አንዱ ቀለም ሲደምቅ ሌላውን ስለሚውጠው ቢጫው እሷንም ሳያታልላት አይቀርም።"

ሶሬቲ ይህን ስትሰማ ተኮሳተረች። "ባንተ ጦስ!" ብላው ሁለት ቀን አላናገረችውም።

ሐሙስ ሲመሳከር የተለያዩት ስድስት ፎቶ ላይ ብቻ ሆነ። ዶክተሯ ራሳቸው አይተው ዳኙ፦ አራቱን የሳተው ነአምን፣ ሁለቱን ሶሬቲ። ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪው ቀለማት ተለያይተው ሳይታዩ የሚመዘገብ ነገር ቀረ።

የዚያኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሶሬቲ ከጠረጴዛዋ ሆና ተጣራች።

"ነአምን፣ ና እስኪ ይቺን እይልኝ። ፕሮቲኑ ኒውክሊየሱ ውስጥ ነው ወይስ ሽፋኑ ላይ?"

ወንበሩን እየጎተተ ሄደ።