የሠርኬ የፈረንጅ ድመቶች

ሠርኬ ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክካ አራተኛውን ግልገል በእራፊ ጨርቅ ስታደርቅ እጇ ቀጥ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻቸው። ሁለቱ ዥጉርጉር ናቸው፣ አንዷ ጥቁር። እናታቸው ሶፊ እንደ ባዘቶ ነጭ ናት፤ የምትገናኘው ወንዱ ድመት ፓሻም ነጭ ነው። ከአንድ ጊዜ በቀር እስከዛሬ የተወለዱላት ሁሉ ነጭ ነበሩ።

"ምን ሆነሻል?" አላት ባሏ ደመቀ፣ ከበሩ ላይ።

"ናና እያቸው።"

ደመቀ ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ። "የጭድ ተራ ድመት ልጆች ናቸው። በመስከረሙ በረዶ የመስኮቱ ሽቦ የተቀደደ ጊዜ ነው። አሠሪው ብዬሽ ነበር።"

"አሠርቼዋለሁ እኮ።"

"ከሦስት ቀን በኋላ ነዋ።" ወደ ግቢው ዞር ብሎ ተመለከተ። "ግልገል ሊመርጡ ነው የተባሉት ወይዘሮ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?"

"አምስት ሰዓት።"

"እንግዲያው ባልዲ ውሃ ላምጣ። ሞተው ተወለዱ እንላለን።"

 ግልገሉን እናቱ ጡት ሥር አስጠጋችው።

ጊዜው ኅዳር 1961 ዓ.ም. ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ማንም እንዲህ ያለ ነገር ቢያነሳባት ከቤቷ ታስወጣው ነበር። ያኔ ሠርኬ መርካቶ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች። ሱቋን ዘግታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከሥጋ ቤት ሳንባ በጋዜጣ አስጠቅልላ ትይዛለች። ጭድ ተራ መግቢያ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ "ውሮ፣ ውሮ" ስትል ከጭዱ ክምር ሥር፣ ከቆርቆሮው ላይ፣ ከቆሙት ጋሪዎች መሀል ድመቶቹ እየሮጡ ይመጣሉ። አንዳንዱ አንድ ዓይኑ የለም፣ አንዳንዱ ያነክሳል። ሠርኬ ሁሉንም ለይታ ታውቃቸዋለች። ኩሊዎቹ ይስቁባት ነበር። እሷ ግን በቀኑ ውስጥ የምትወደው ሰዓት ያ ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ስለዚህ ነው የሚሉ ነበሩ። እሷ ግን ልጅ ሆና ጎጃም ሳለችም እንዲሁ ነበረች።

ማዳም ኤሌኒ የሚሏት ግሪካዊት የጨርቅ አስመጪ አንድ ቀን ሠርኬ ጋሪ የገጨውን ድመት በነጠላዋ ታቅፋ ስታልፍ አየቻት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ይባባሉ ጀመር። ማዳም ሱቋን ሸጣ ወደ አገሯ ልትገባ ስትነሳ ሠርኬን አስጠራቻትና ረጅም ጸጉር ያላቸውን ሁለት ነጫጭ ድመቶች አስረከበቻት።

"ሀብታም ወዳጆች አሉኝ" አለቻት በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ። "እነሱ ያሳዩአቸዋል እንጂ አያበሏቸውም። አንቺ ታበያቸዋለሽ።"

ከድመቶቹ ጋር ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠቻት። የአባታቸው፣ የአያታቸውና የቅድመ አያታቸው ስም ተዘርዝሮበታል። ደመቀ ወረቀቱን ገልብጦ እያየ "የእኔ አያት እንኳ እንዲህ አልተጻፈም" ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያዎቹን ግልገሎች ሠርኬ በነጻ ነው የሰጠቻቸው። አንዷን የወሰደች ደንበኛዋ ለወዳጇ አሳየች፤ ወዳጇም ሾፌሯን ላከች፤ ሾፌሩ ሠርኬ ከነጠላ ሽያጭ በወር የማታገኘውን ብር በፖስታ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ፈላጊው በዛ። ሠርኬ ጓዳውን አስለሰነች፣ መስኮቱን በሽቦ አስመታች፣ ሱቁን ለደመቀ ለቀቀችለት። በሁለት ዓመት ውስጥ የግልገል ዓይን አይታ ዋጋውን የምታውቅ ሰው ሆነች። ጸጉሩ የሳሳውን፣ አፍንጫው ረዘም ያለውን ታገልላለች። ስም ማውጣትም ተወች፤ ለሚሸጥ ምን ስም ያስፈልገዋል?

የሰፈሩ ወንድ ድመቶች ግን ሶፊ ሥሪያ በፈለገች ቁጥር ጣራው ላይ ተሰብስበው ይጮሃሉ። አንዱ አንድ ጊዜ ሾልኮ ገብቶ ሶፊን አስረገዛትና የሠርኬን የስድስት ወር ድካም አበላሸ። ያን ጊዜ ነው ሠርኬ የአይጥ መርዝ የገዛችው። ከሰዓት በኋላ ሳንባ ከተፈች፣ መርዙን አሸችበት፣ ጭድ ተራ መግቢያ ላይ ቆማ ጠራች። ሰባት መጡ። ድምጿን ያውቁት ነበርና አንዱም አልተጠራጠረም።

በማግስቱ ግድግዳ የሚለያት ጎረቤቷ ረሂማ እያለቀሰች መጣች። ረሂማ ሽምብራና ባቄላ ትቸረችራለች። ሻሼ የምትባለው ድመቷ በጆንያዎቹ ላይ ተኝታ መጋዘኗን ትጠብቅላት ነበር። ሻሼ ሴት ናት፤ ሠርኬ እሷን አላሰበችም። ጥሪውን ሰምታ፣ ሠርኬ ዞር ካለች በኋላ በአጥር ላይ መጥታ ከተረፈው በልታ ሞታ ኖሯል።

"ሰው ቢስቅብኝም አንቺ ግን ይገባሻል ብዬ ነው የመጣሁት" አለቻት ረሂማ። "ምን ዓይነት ልብ ያለው ሰው ነው ሠርኬ?"

ሠርኬም ትከሻዋን አቅፋ አጽናናቻት። መርዝ ያስቀመጠውን ሰው አብራት ረገመች።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የረሂማ መጋዘን ከዚያ ወዲህ የአይጥ መፈንጫ ነው።

አምስት ሰዓት ሲሆን መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ወይዘሮ ጤናዬ ባላቸው ትልቅ ሹም ናቸው። ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰብስበው ገቡና ካርቶኑን ጎንበስ ብለው አዩ። ደመቀ ባልዲውን በሩ ሥር አስቀምጦ ነበር፤ ሠርኬ ግን ግልገሎቹን አላነሳቻቸውም።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አሉ ወይዘሮ ጤናዬ።

"የሶፊ ልጆች ናቸው እትዬ። አባታቸው የሰፈር ድመት ነው።"

"ተይ እንጂ።" ቅር ቢላቸውም አልተቆጡም። "ልጄ ነጭ ድመት ሊመጣልኝ ነው ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራለች። እንግዲህ እነዚህን አስወግጂያቸውና እናቲቱ ትረፍ። ለፋሲካ ነጭ ግልገል ይደርሳል?"

"ሊደርስ ይችላል።"

"ዝናሽን ሰምቼ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። መርካቶ ውስጥ እንደሷ እንስሳ የሚወድ የለም አሉኝ።" ቦርሳቸውን ከፍተው ቀብድ ሊሰጧት ሲሉ ሠርኬ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

"ይቆይ እትዬ። ከሰዓት በኋላ ሾፌርዎን ይላኩት፤ ያን ጊዜ ቁርጡን እነግረዋለሁ።"

መኪናው ከመሳለሚያ ወዲህ ባለው ግርግር ውስጥ እንደጠፋ ረሂማ ገባች። ወሬው በግድግዳው በኩል ደርሷታል።

"ጥቁርና ነጭ አለ አሉ" ብላ ቁጭ አለች። ግልገሉን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። "ወላሂ ሻሼን ይመስላል። ሠርኬ፣ ይህን ለእኔ ስጪኝ። ትናንት አይጡ አንድ ጆንያ ባቄላ ቀዶብኛል። የፈረንጅ ድመት አልጠይቅሽም፤ ይሄ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?"

"ውሰጂው። ዓይኑን ይግለጥ፣ ጡት ይተው፣ ያንቺ ነው።"

"አላህ ይስጥልኝ። አንቺ ባትኖሪ ማንን እጠይቅ ነበር?"

 በዚሁ ሊያልቅ ይችል ነበር። ረሂማ ድመት ታገኛለች፣ መጋዘኑም ይድናል፣ እሷም ትመረቃለች። ረሂማ ልትነሳ ነጠላዋን ስትሰበስብ ሠርኬ ክንዷን ያዘቻት።

"ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።"

"ምነው?"

"ሻሼን የገደልኳት እኔ ነኝ።"

ረሂማ ነጠላዋን መሰብሰቧን ተወች። በግቢው ውስጥ ደመቀ ሚስማር እየመታ ነበር፤ እሱም አቆመ።

"ወንዶቹ ድመቶች እንዳይመጡብኝ ብዬ ነው። እሷ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። መርዙን ሳንባ ላይ ነው ያደረግሁት።"

"ሌሎቹንም?"

"ሌሎቹንም።"

ረሂማ ወደ ካርቶኑ ዞረች። "ጠርተሻት ነው የመጣችው?"

"አዎ።"

"እንደ ድሮው?"

"እንደ ድሮው።"

ረሂማ ተነሳች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ሠርኬ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

"እኔ እኮ እዚህ መጥቼ አልቅሻለሁ" አለች። "አንቺም አልቅሰሻል።"

ረሂማ ጫማዋን አጠለቀች።

"ግልገሉን ጡት ሲተው በደመቀ ላኪልኝ። መጋዘኑ ድመት ያስፈልገዋል። አንቺ ግን አታምጪው።"

ከሄደች በኋላ ሠርኬ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሶፊ ግልገሎቿን አንድ በአንድ ትልሳለች፤ ጥቁሯንም፣ ዥጉርጉሮቹንም ሳትለይ። ሠርኬ አራቱን አተኩራ ብታይ ለራሷ የምትመርጠው አጣች። ደግሞም ማናቸውን "ውሮ" ብላ ብትጠራ ድምጿ እንዴት እንደሚወጣ አላወቀችም።

ደመቀ እጁን እየጠራረገ ገባ። ባልዲውን አየ፣ እሷንም አየ።

"ነገርሻት?"

"ነገርኳት።"

"እንዲያው ምን ነካሽ? አራት ዓመት የሠራሽበትን ነገር በአንድ ቀን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባይሆን ወይዘሮዋን እንኳ አናስቀይማቸው። ከገና በፊት ሶፊንና ፓሻን ብናገናኛቸው ለፋሲካ ይደርሳል።"

ሠርኬ ተነስታ ባልዲውን አንስታ ግቢው ውስጥ ደፋችው። ከዚያም ፓሻ የሚተኛበትን ቅርጫት ከጓዳ አውጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችው። ድመቱ በወፍራም ጅራቱ ቁርጭምጭሚቷን እየታከከ ተከተላት። አቅፋ ቅርጫቱ ውስጥ አስገባችውና ክዳኑን በሲባጎ አሰረች።

"ሾፌሩ ሲመጣ ፓሻን ስጠው" አለች። "ከነወረቀቱ።"

"ሸጥሽው? ስንት ልበለው?"

"አልሸጥኩትም፤ ለልጃቸው ስጦታ ነው። ከእንግዲህ ቤታችን ድመት አይሸጥም ብላለች በለው።"