«ታፈሳለች» አይባልም

ሊቀመንበራችን ኃይለሚካኤል ይባል ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሚካኤልን ከስሙ ቆርጦ ጣለና ጓድ ኃይሉ ሆነ። መልአኩ ቅር ያለው አይመስለኝም። ለእኛ ለቦሌ ሚካኤል ሰዎች ግን የቀረልን ኃይሉ ብቻ ነበር።

የቀበሌያችን መኪና ከአንድ ቱጃር የተወረሰች አሮጌ የጭነት መኪና ናት። አዘቦት ቀን ለሕብረት ሱቁ ስኳርና ጤፍ ታመጣለች፤ ትእዛዝ ሲወርድ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ ልጅ ታፍሳለች። ይህን የማያውቅ የለም። በአፍ ግን «ምልመላ» እንጂ «አፈሳ» አይባልም፤ ሲል የተሰማ ራሱ ይመለመላል።

አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ሾፌሩ ጋሽ ኢስሐቅ እጃቸውን አወጡ። ወሎዬ ናቸው፤ ሲናገሩ ቀስ፣ ለስለስ ያሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪናችን ታፈሳለች።»

ጓድ ኃይሉ የፈራውን ነበርና የሰማው፣ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ታፍሳለች? ማንን ነው የምታፍሰው?»

«ኧረ ውሃ ነው! ቆማ ያደረችበት መሬት ከፊት በኩል ረጥቦ አገኘዋለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዳገት ላይ ሙቀቷ ሽቅብ ነው። የውሃ ፓምፑ አልቆለታል። ወላሂ፣ ሳይቀየር ከቀረ አንድ ቀን መንገድ ላይ ታስቀረናለች።»

«የአብዮቱ መኪና አታፍስም!»

«ታፈሳለች እኮ ነው ያልኩት...»

«ታፈሳለችም ታፍሳለችም በዚህ ቀበሌ አይባልም! የአድኃሪያን አሉባልታ ነው!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«'በተጠናከረ ሁኔታ በሥራ ላይ ትገኛለች' ይበሉ።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ፓምፑም ሳይቀየር ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ ትእዛዝ ወረደና ልጄን ተካልኝን ከዳቦ ሰልፍ ላይ አነሱት። አንድ ለእናቱ ነው፤ ጺሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። አባቱን ኦጋዴን በልቶብኛል፤ ልጁን ደግሞ ሰሜን ሊበላብኝ ነው። መኪናዋ ልጆቹን ጭና ወደ ጎሮ ስትነዳ እኛ እናቶች ነጠላችንን አደግድገን ከኋላ ሮጥን። ጮኸን፣ ረገምን፣ ማን ሊሰማን!

ዳገቱ ላይ ስትደርስ ግን እሷም መጮህ ጀመረች። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ወዲያው ከፊቷ እንፋሎት ተነሳና ጋሽ ኢስሐቅ ዳር ይዘው አቆሟት። ደረስንባቸው።

«ምን ሆነች?» አለ ጓድ ኃይሉ ከጋቢናው እየዘለለ።

«በተጠናከረ ሁኔታ በሥራ ላይ ትገኛለች፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ ኢስሐቅ።

ይህን ጊዜ ተናደደና ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን ክዳን ያዘ። «ኧረ አይንኩት!» እስኪሉት አልጠበቀም። የፈላው ውሃ ተስፈንጥሮ እጁን ላጠው።

«ሚካኤል ድረስልኝ!»

ለካ ቆርጦ የጣለው መልአክ እዚያው ጉሮሮው ሥር ነበር። ባልስቅ ደስ ባለኝ፤ ሳቅሁ።

«ውሃ! ውሃ አምጡልኝ!» አለ እጁን እያራገበ።

«ወንዙ እዚህ ታች ነው፣ እኛ እናምጣ?» አለ ተካልኝ ከላይ ሆኖ።

«ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል? ሩጡ!»

መቼም እንዲህ ያለ ቅን ታዛዥ ወጣት በዚህ ቀበሌ ታይቶ አይታወቅም። ሁሉም እየዘለሉ ወርደው ወደ ወንዙ ሮጡ። አብሯቸው የተጫነው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውንና የመኪናዋን ጀሪካን ይዞ ከኋላቸው ኩስ ኩስ አለ። ልጄ በአጠገቤ ሲያልፍ ጠቀሰኝ። የት እንደገባ ያኔም አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም።

ጥበቃው ብቻውን ተመለሰ። ጀሪካኑም ባዶ ነው።

ጓድ ኃይሉ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። «አሁን ለበላይ አካል ምን ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ?» አለ የተላጠ እጁን እፍ እያለ።

ጋሽ ኢስሐቅ ባዶውን የጭነት ሳጥን አዩ፣ የረጠበውን መሬት አዩ።

«ቃሉን ከፈቀዱልኝ ልንገርዎት?»

«ይንገሩኛ!»

«ያፈሰችውን አፈሰሰች።»